ከጐርፍ በኋላ በስልክ የሚጠየቅ ቤት

ከመተማ ዮሐንስ ማዶ ያለችው የሱዳኗ ገላባት፥ ከእርሷም ወደ ገዳሪፍ የሚዘረጋው የማሽላና የሰሊጥ አገር፥ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ፥ ክረምት ሲገባ መንገዱ መንኰራኵር የሚይዝ ጭቃ ይሆናል፤ ሱዳን የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ባወጀችበት በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ እንደ ታየው ያለ የጐርፍ መዓት በወረደ ጊዜም፥ ቈጣሪ በየመንደሩ ዞሮ የማን ቤት እንደ ፈረሰ፥ የማንስ እህል እንደ ተወሰደ እስኪመዘግብ ድረስ፥ ረድኤት የሚያሻው ሰው ቀዬውን ለቆ ይሄዳል።

ይህን ጕድለት ለመሙላት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት የያዙት ዘዴ የስልክ ጥናት ነው። መሠረቱ የሚጣለው ከመዓቱ በፊት ነው፤ በደኅናው ዘመን የየቤተ ሰቡ ኑሮ፥ ንብረትና የስልክ ቍጥር ቤት ለቤት ተመዝግቦ ከተቀመጠ፥ ጥፋት በደረሰ ማግስት ለእነዚያው ሰዎች ተደውሎ የቀድሞው ከአሁኑ ጋር ይመዛዘናል። ለምሳሌ በኢትዮጵያ የዓለም ባንክ፥ የኮሮና ወረርሽኝ ቤት ለቤት መሄድን በከለከለበት በ2012 ዓ.ም.፥ ቀደም ብሎ በ2011 ዓ.ም. በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከተጠኑት ቤተ ሰቦች መካከል 3,249ኙን በመጀመሪያው ዙር በስልክ አስጠይቋል።

ከመዓት በኋላ የሚደውል ጠያቂ ሰላምታ ሰጥቶ ፈቃድ ከለመነ በኋላ፥ ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ስንት ቀን ርካሽ ምግብ እንደ በሉ፥ ስንት ቀን ምግብ እንደ ተበደሩ፥ ድርሻ እንዳሳነሱ፥ የማዕድ ቍጥር እንደ ቀነሱ፥ ስንት ቀንስ አዋቂዎቹ ሕፃናቱ ይብሉ ብለው ከራሳቸው እንደ ከለከሉ ይጠይቃል። የብድሩ ቀን በ2፥ የአዋቂዎቹ መከልከል በ3፥ የቀሩት በ1 ተባዝተው ሲደመሩ ከ0 እስከ 56 የሚደርስ ቍጥር ይወጣል፤ ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠንም የቤቱ ጭንቅ ይገለጣል።

ነገር ግን ጥሪው የሚደርሰው ስልክ ላለው ብቻ ነው። ጐርፉ የስልኩን ማማ የጣለበት መንደር፥ ባትሪ የሚሞላበት ያጣ ገበሬ፥ ለሰሊጥ አጨዳ ድንበር ተሻግሮ በማሳ የሚያድር የቀን ሠራተኛ፥ ስልኩ በባሏ እጅ ያለ ሴት፥ ሁሉም ከመዝገቡ ይጐድላሉ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ማብቂያ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ስልክ በብዙው አገር በተቋረጠ ጊዜም ድኻውና ባለጠጋው አንድ ላይ ዝም አሉ። ሊቃውንቱ ከተገኙት ጥቂት ድኾች የእያንዳንዱ መልስ ላልተገኙት መሰሎቹ ጭምር እንዲቈጠር በሒሳብ ያቃናሉ፤ ሆኖም ፈጽሞ ያልተጠየቀ ሰው መልስ በሒሳብ አይገኝም።

እንግዲህ ረድኤት አዳዮች በስልክ የመጣውን ምስክርነት ይዘው ሳይዘገዩ ይነሡ፤ መንገዱ በደረቀ ጊዜ ግን ቈጣሪያቸውን አስቀድመው ስልክ ወደሌለው ቤት ይላኩ።