ቅጥያ ፀጉር፦ ዓይነቱና አመራረጡ

ቅጥያ ፀጉር የራስን ፀጉር ለማስረዘም ወይም ለማብዛት የሚያያዝ የሰው ወይም ሰው ሠራሽ ፀጉር ነው። ከዊግ የሚለየው ክብደቱን የሚሸከመው የተጠቃሚዋ የራሷ ፀጉር በመሆኑ ነው። ስለዚህ ከርዝመቱና ከዋጋው በፊት ሦስት ነገሮች ይታያሉ፤ ከምን እንደ ተሠራ፣ እንዴት እንደሚያያዝና የሚሸከመው ፀጉር ምን ያህል ጠንካራ እንደ ሆነ።

ሂውማን ሄር የሚባለው ከሰው የተወሰደ ፀጉር ነው። ከታወቁት ምንጮቹ አንዷ ህንድ ናት፤ በቲሩማላ ቤተ መቅደስ ምእመናን ለስለት የሚላጩት ፀጉር በጨረታ ይሸጣል። በማዘጋጀቱ ሥራ ቀዳሚዋ ቻይና ስትሆን፣ የሄናኗ ሹቻንግ ከተማ በዚህ ኢንዱስትሪ ስሟ ይነሣል።

የሰው ፀጉር ጥራት የሚለካው በቅርፊቱ ነው። የእያንዳንዱ ዘለላ ላይኛው ክፍል ከሥር ወደ ጫፍ በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ሬሚ የሚባለው ዓይነት ሥሩና ጫፉ ሳይደባለቅ ስለሚሰበሰብ ቅርፊቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ፤ በቀላሉም አይወሳሰብም። አቅጣጫው የተደባለቀ ፀጉር ግን ቅርፊቱ በአሲድ ይነሣና በሲሊኮን ይቀባል። ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ከሬሚው ይበልጥ ሊያብረቀርቅ ይችላል፤ ሲሊኮኑ በጥቂት እጥበት ሲለቅ ግን ይደርቃል፣ ይቋጠራልም። ቅርፊቱ ያልተነካ ፀጉር ጣት ከሥር ወደ ጫፍ ሲሄድበት ይለሰልሳል፤ ከጫፍ ወደ ሥር ሲመለስ ትንሽ ይሻክራል።

ሰው ሠራሹ ሞዳክሪሊክና ፖሊስተርን ከመሳሰሉ የፕላስቲክ ክሮች ይሠራል። ለብሬድስ፣ ማለትም ቅጥያ ተጨምሮበት ለሚሠራ ሹሩባ፣ የሚታወቀው ካኔካሎን የጃፓኑ ካኔካ ኩባንያ ምርት ነው። የሰው ሠራሹ ዋጋ ዝቅተኛ ነው፤ ቅርጹንም ከታጠበ በኋላ ይይዛል። ነገር ግን ሙቀት እንደሚችል ካልተጻፈበት በቀር ፔስትራ ያቀልጠዋል። ሁለቱን ለመለየት አንድ ዘለላ ማቃጠል ይበቃል፤ የሰው ፀጉር እንደ ላባ ሸትቶ አመድ ሲሆን፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል።

የማያያዣው መንገድ የሚመረጠው እንደ ፀጉሩ ውፍረትና እንደሚቆይበት ጊዜ ነው። ለአንድ ሠርግ ወይም ለፎቶ የሚፈለግ ከሆነ ማታ የሚወልቀው ባለ ክሊፕ ቅጥያ ይበቃል። ስፌት የራስ ፀጉር በቀጭኑ ተሹርቦ ረድፍ ረድፍ የሆነው ቅጥያ በመርፌና ክር የሚሰፋበት ነው። ክርስቲና ጄንኪንስ የተባለች አሜሪካዊት በ1952 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘችበት ዘዴ የዚህ መነሻ ነው። ወፍራምና ጥቅልል ፀጉር ስፌትን ይሸከማል፤ ለሳሳ ፀጉር ግን ይከብዳል። ለሳሳ ፀጉር ክብደቱን በሰፊው የሚያከፋፍለው ስስ ቴፕ ይመረጣል። በኬራቲን ሙጫ ወይም በጥቃቅን ቀለበት የሚያያዘው ዘለላ በዘለላ ስለሚቀጠል እንቅስቃሴው ተፈጥሯዊ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ራሷን በቅቤ ወይም በዘይት የምትቀባ ሴት ቴፕና ሙጫ ባትመርጥ ይሻላል፤ ቅባት ሁለቱንም ያላቅቃልና።

የቅጥያው ጥቅልልነት ከራስ ፀጉር ጋር ሊቀራረብ ይገባል። በጥቅልል ፀጉር ላይ ቀጥ ያለ ቅጥያ ሲሰፋ፣ ከላይ የቀረውን የራስ ፀጉር ለማመሳሰል በየጊዜው መተኮስ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጉዳት የሚመጣውም ከዚሁ ሙቀት ነው። ቀለሙ በቀን ብርሃን፣ ከራስ ፀጉር ጫፍ ጋር ይመሳከራል። በቀለም ቁጥሮች 1 ድቅድቅ ጥቁር፣ 1ቢ የተፈጥሮ ጥቁር፣ 2 ደግሞ ጥቁር ቡና ነው። ርዝመቱ የሚለካው በኢንች ሲሆን አንዱ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥቅልሉ ተስቦ ስለሚለካ ሲለበስ አጥሮ ይታያል። አንድ እስር ብዙ ጊዜ 100 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ክብደቱ እኩል ሆኖ ርዝመቱ ሲጨምር የዘለላው ብዛት ስለሚቀንስ፣ ረጅም ቅጥያ ተጨማሪ እስር ይጠይቃል።

ፀጉር በወር ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። በሁለት ወር መያዣው ከራስ ቆዳ ርቆ ስለሚወርድ የራስን ፀጉር ይጎትታል፣ ያወሳስባልም። በዚህ ምክንያት ብሬድስና ስፌት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈታል፤ ቴፕም በተመሳሳይ ጊዜ ተነሥቶ እንደገና ይለጠፋል። የኬራቲኑ እስከ ሦስትና አራት ወር ይቆያል።

ትልቁ አደጋ በመጎተት የሚመጣ የፀጉር መመለጥ ነው። በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ ይጀምራል። ሕመም፣ ጥቃቅን እብጠትና ራስ ምታት ሥራው መጥበቁን ያመለክታሉ፤ ወዲያው መላላት ወይም መፈታት አለበት። በጊዜ ከተደረሰበት ፀጉሩ ይመለሳል፤ መጎተቱ ለዓመታት ከቀጠለ ግን የፀጉሩ ሥር ጠባሳ ሆኖ አይበቅልም። ፀጉርን ቀጥ በሚያደርገው ኬሚካል፣ በሪላክሰር፣ የተዳከመ ፀጉር ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚረግፍ ፀጉር ያላትም እናት ርግፈቱ እስኪቆም ብትጠብቅ መልካም ነው። ሙጫ የሚጠቀሙ ሰዎች በክንድ ላይ ትንሽ ቀብተው አስቀድመው ይሞክሩታል፤ የራስ ቆዳን የሚያሳክክ ሰው ሠራሽ ፀጉር ደግሞ ከመሠራቱ በፊት በአቼቶ በተበረዘ ውኃ ይታጠባል። ከአንዱ ቅጥያ ወደ ሌላው ከመዛወር በፊትም ፀጉሩ ታጥቦ ለጥቂት ሳምንታት ያለ ሸክም ያርፋል።