ወጣቱ መራጭና አንጋፋው የሠራተኛ ፓርቲ

አንድ የፖለቲካ ፓርቲ በየትኛው መደብ ስም እንደ ተቋቋመ ማወቅ አያስቸግርም። ከመቶ ዓመት በኋላ በማን እጅ እንደሚገኝ ለማወቅ ግን የቅርብ ምርመራ ያስፈልጋል። ስሙና መዝሙሩ ባሉበት ሆነው ይዘቱ ሊለወጥ ይችላልና ነው። እንዲህ ያለ ሁኔታ በደረሰ ጊዜ፣ በነባሮቹ መሪዎች ያልረካ አዲስ ትውልድ በድምፁ ብዛት ወደ ፓርቲው ገብቶ መልኩን ሊለውጠው ይችላል ወይ? የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ በማኅበር የተደራጀ ሠራተኛና የቀበሌ ነዋሪ ሁሉ በየደረጃው የሚገጥመው ነው። ለዛሬው ውይይታችን የብሪታንያን የሠራተኛ (ሌበር) ፓርቲ፣ በተለይም ከ2015 እስከ 2020 ያለፈባቸውን አምስት ዓመታት መርጠናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወሮች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

ፓርቲው የተጠነሰሰው በየካቲት 1900 የሠራተኛ ማኅበራትና የሶሻሊስት ድርጅቶች ተወካዮች ለንደን ላይ ባደረጉት ስብሰባ ነበር። ዓላማውም የባቡር ሠራተኛው፣ የማዕድን ቆፋሪውና የወደብ ጫኚው ድምፅ በከበርቴ ጠበቆች አፍ ሳይሆን በራሱ ተወካዮች አማካይነት ፓርላማ እንዲገባ ማድረግ ነው። በ1918 የወጣው የፓርቲው መተዳደሪያ ደንብ 4ኛ አንቀጽ የምርት መሣሪያዎች በጋራ ባለቤትነት ሥር እንዲውሉ የሚጠይቅ ነበር። ይህ አንቀጽ በ1995 በቶኒ ብሌር መሪነት ተሰርዞ በሌላ ተተካ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 የሠራተኛው ፓርቲ መንግሥት ራሱ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ የትምህርት ክፍያ መሰብሰብ ጀመረ። በ2012 የወግ አጥባቂዎችና የሊበራሎች ጥምር መንግሥት ክፍያውን እስከ 9,000 ፓውንድ አደረሰው። በሩን የከፈተው ግን ማን እንደ ነበረ ተማሪው አልረሳም።

በዚህ ዘመን ለአቅመ ሥራ የደረሰው የብሪታንያ ወጣት ከአባቱ ትውልድ ይበልጥ የተማረ፣ ከአባቱ ትውልድ ይበልጥ ዋስትና ያጣ ሆነ። ዲግሪውን የያዘው በብድር ነው። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ሥራ ሲያገኝም ብዙ ጊዜ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አስቀድሞ የማያውቅበት፣ አሠሪው ሰዓት ካልሰጠው ደመወዝ የማያገኝበት ቅጥር ነው። የቤት ዋጋ ከገቢው ጋር ፈጽሞ ስለማይገናኝ ከደመወዙ ከፍተኛውን ድርሻ ለቤት አከራይ ይገብራል። (ገባርነት በመሬት ላይ ብቻ የሚኖር ለሚመስለን ይህ ጥሩ ማስታወሻ ነው።) በመደብ ትንተና ይህን ወጣት የት እንመድበው? በትምህርቱና በምኞቱ ወደ ንዑስ ከበርቴው ያዘነብላል፤ በኑሮው ግን ከጉልበቱና ከዕውቀቱ በቀር የሚሸጠው የለውም። ይህ ድርብ ባሕርይው ኋላ ለሆነው ነገር ዋነኛ ቁልፍ ስለሆነ እንመለስበታለን።

የምዕራቡ ዓለም ጋዜጦች እንዲህ ያለውን ኃይል «ፖፑሊስት» ወይም ሕዝበኛ ብለው ይጠሩታል። ቃሉ ዛሬ ስድብ ይምሰል እንጂ አመጣጡ የሚያሳፍር አይደለም። በ1890ዎቹ ዓመታት በባንክ ዕዳና በባቡር ኩባንያዎች የጭነት ዋጋ የተማረሩ የአሜሪካ ገበሬዎች ያቋቋሙት የሕዝብ ፓርቲ አባላት መጠሪያ ነበር። በ1896 አንጋፋው ዴሞክራቲክ ፓርቲ የእነዚህን ገበሬዎች ጥያቄ በከፊል አንሥቶ ገና የ36 ዓመት ሰው የነበሩትን ዊልያም ጄኒንግስ ብራያንን ለፕሬዚዳንትነት አቀረበ። ብራያን ተሸነፉ፤ የገበሬዎቹም ፓርቲ ብዙ ሳይቆይ ከሰመ። ሆኖም ገበሬዎቹ በ1892 ፕሮግራማቸው ውስጥ ያሰፈሩት የገቢ ግብር ጥያቄ በ1913 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት አገኘ። ጠያቂው ፓርቲ ጠፍቶ ጥያቄው ሊኖር እንደሚችል ይህ ታሪክ ያሳያል።

ወደ ብሪታንያ እንመለስ። በግንቦት 2015 በተካሄደው ምርጫ የሠራተኛው ፓርቲ ሲሸነፍ መሪው ኤድ ሚሊባንድ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከአንድ ዓመት በፊት በጸደቀው ደንብ መሠረት የመሪ ምርጫው «አንድ ሰው አንድ ድምፅ» ሆኖ ነበር። ከመደበኛው አባል ሌላ፣ 3 ፓውንድ ከፍሎ የፓርቲውን ዓላማ እደግፋለሁ ብሎ የተመዘገበ ሰው ሁሉ ድምፅ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ይህን ደንብ በደስታ የተቀበሉት የቀኝ ክንፍ ሰዎች የሠራተኛ ማኅበራትን ተጽዕኖ ያዳክምልናል ብለው ነበር። ጄረሚ ኮርቢን የተባሉ፣ ከ1983 ጀምሮ የፓርላማ አባል የነበሩና ከገዛ ፓርቲያቸው አመራር ጋር ባለመስማማት የታወቁ የ66 ዓመት ሰው ለውድድሩ ቀረቡ። ለዕጩነት የ35 እንደራሴዎች ድጋፍ ይፈለግ ነበር፤ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው 36 አገኙ። ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ ክርክሩ ይስፋ ብለው ፈረሙላቸው እንጂ ሊመርጧቸው ያሰቡ አልነበሩም።

መስከረም 12 ቀን ድምፁ ሲቆጠር ኮርቢን ከመቶ 59.5 አግኝተው ሦስቱንም ተወዳዳሪዎቻቸውን ጥለው አለፉ። 3 ፓውንድ ከፍለው ከተመዘገቡት ዘንድ ያገኙት ድርሻ ከመቶ 84 ያህል ነበር። ከዚያ ምርጫ በፊት ወደ 200 ሺህ ገደማ የነበረው የፓርቲው አባላት ቁጥር በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ከ500 ሺህ በላይ ሆነ። ወጣቱ የመረጠው ወጣት አለመሆኑን ልብ ይሏል። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ለሠላሳ ዓመት ያንኑ ቃል ሲናገር መገኘቱ፣ በየወቅቱ ቃሉን ከሚለዋውጥ ጎልማሳ ይልቅ የሚታመን ሆኖ ታይቶታል።

ነባሩ ክፍል ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በሰኔ 2016 በፓርላማ ከነበሩት የፓርቲው እንደራሴዎች 172ቱ በመሪው ላይ እምነት የለንም ሲሉ 40ዎቹ ብቻ ደገፏቸው። ዳግም ምርጫ ሲጠራ የተመዝጋቢው ክፍያ ከ3 ወደ 25 ፓውንድ ከፍ አለ፤ መመዝገቢያውም ሁለት ቀን ብቻ ሆነ። ከጥር 12 ቀን በኋላ የገቡ አባላት ድምፅ እንዳይሰጡ ተደረገ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ አዲሶቹ አባላት በመጀመሪያ ቢረቱም በይግባኝ ተረቱ። ይህ ሁሉ ሆኖ ኮርቢን ከመቶ 61.8 አግኝተው ተመለሱ። በሰኔ 2017 በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫም ፓርቲው የትምህርት ክፍያን ለማስቀረት፣ የባቡር፣ የፖስታና የውኃ አገልግሎትን ወደ ሕዝብ ንብረትነት ለመመለስ ቃል ገብቶ ከመቶ 40 ድምፅና 262 መቀመጫ አገኘ፤ ወግ አጥባቂዎቹም ፍጹም አብላጫቸውን አጡ። ዩጎቭ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ድርጅት ባደረገው ጥናት መሠረት ከ18 እና ከ19 ዓመት መራጮች ሁለት ሦስተኛው ለሠራተኛው ፓርቲ ሲሰጥ፣ ዕድሜው ከ70 በላይ የሆነው በተመሳሳይ ድርሻ ለወግ አጥባቂዎቹ ሰጥቷል። አንድ ሠራተኛ ቤተሰብ በአንድ ማዕድ ተቀምጦ በዕድሜ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው።

የጉዳዩ ዋና ነጥብ የሚገኘው ከዚህ ላይ ነው። በእድርም ሆነ በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው ሊቀ መንበር መምረጥ አንድ ነገር፣ መዝገቡንና ማኅተሙን መረከብ ሌላ ነገር ነው። በሠራተኛው ፓርቲ ውስጥ መዝገብና ማኅተም ማለት ማን ለፓርላማ ዕጩ ይሆናል የሚለው ውሳኔ ነው። በነበረው ደንብ መሠረት አንድ እንደራሴ፣ ከቅርንጫፎቹና ከተባባሪ ማኅበራት የሚበዙት ካልተቃወሙት በቀር፣ ያለ ውድድር እንደገና ዕጩ ይሆናል። ሞመንተም በሚል ስም በ2015 የተቋቋመው የኮርቢን ደጋፊዎች ድርጅትና በርካታ የምርጫ ክልል ቅርንጫፎች ከእያንዳንዱ ጠቅላላ ምርጫ በፊት አባላቱ ዕጩአቸውን እንደገና በነፃ ውድድር ይምረጡ የሚል ጥያቄ አነሡ። ጥያቄው በመስከረም 2018 ሊቨርፑል ላይ በተደረገው ጉባኤ ውሳኔ ሊሰጠው ቀረበ። በዚያ ጉባኤ ግማሹ ድምፅ የምርጫ ክልሎች፣ ግማሹ የሠራተኛ ማኅበራት ነው። የፓርቲው አመራር ክፍል የተቃዋሚዎቹ ቁጥር ከግማሽ ወደ አንድ ሦስተኛ ዝቅ እንዲል ብቻ የሚፈቅድ የማስታረቂያ ሐሳብ አቀረበ። ከምርጫ ክልሎች ተወካዮች የሚበዙት ተቃወሙት። የማኅበራቱ መሪዎች ግን በአብዛኛው ደግፈው አሳለፉት።

የማኅበራቱ መሪዎች ለምን እንዲህ አደረጉ? እኛ እንደምናየው በዕጩ አመራረጥ ላይ ያላቸውን የመደራደር አቅም ለማይታወቅ ሕዝብ አሳልፈው መስጠት አልፈለጉም። ኮርቢንም ቢሆኑ በማኅበራቱ ገንዘብና ድጋፍ ላይ የተመሠረቱ ስለ ነበሩ፣ የእንደራሴዎቹንም መከፈል ስለ ፈሩ፣ የገዛ ደጋፊዎቻቸውን ጥያቄ ወደ ጎን አደረጉት። በመሆኑም ከላይ መሪው ተለወጠ፣ ከታች አባሉ ተለወጠ፤ በመካከል ያለው የእንደራሴዎች ክፍል በአብዛኛው እንዳለ ቆየ። ጥፋቱን ሁሉ በመሪዎች ላይ መጫንም ትክክል አይሆንም። ከአዲሶቹ አባላት ብዙዎቹ መዋጮ ከፍለው ድምፅ ከመስጠት አልፈው፣ በዝናብ ማታ በቀዝቃዛ አዳራሽ ተቀምጠው የቅርንጫፉን ቃለ ጉባኤ የሚያዳምጡ አልነበሩም።

ቀደም ብለን የጠቀስነው ድርብ ባሕርይ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ጥያቄ ላይ ፈነዳ። በ2016ቱ ሪፈረንደም የትልልቅ ከተሞች ወጣት በኅብረቱ ውስጥ መቆየትን ሲደግፍ፣ በርካታ የቀድሞ የማዕድንና የፋብሪካ አካባቢዎች መውጣትን መርጠው ነበር። ፓርቲው በ2019 ሁለተኛ ሪፈረንደም እንደሚያደርግ ቃል ሲገባ ከእነዚህ አካባቢዎች ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩበት። በታኅሣሥ 12ቱ ምርጫ 202 መቀመጫ ብቻ ቀረው፤ ከ1935 ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ዴኒስ ስኪነር የተባሉት የቀድሞ ማዕድን ቆፋሪ ከ1970 ጀምሮ የያዙት የቦልሶቨር ወንበር እንኳ ለወግ አጥባቂዎች ሄደ። ከዚህም ሌላ የእኩልነትና የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በጥቅምት 2020 ባወጣው ዘገባ በፓርቲው ውስጥ በአይሁዳውያን ላይ ሕግን የሚጥስ ትንኮሳና አድልዎ መፈጸሙን ገልጿል። ይህን የጠላት ወሬ ብቻ አድርጎ ማለፍ ሐቅን መሸሽ ነው።

ኪር ስታርመር በሚያዝያ 2020 ሲመረጡ አብዛኞቹን የኮርቢን ፕሮግራም ጥያቄዎች እንደሚጠብቁ ቃል ገብተው ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃቸው ግን በሩን መዝጋት ሆነ። በ2021 ጉባኤ ለመሪነት ዕጩ የሚያስፈልገው የእንደራሴዎች ድጋፍ ከመቶ 10 ወደ 20 ከፍ አለ፤ ገንዘብ ከፍሎ በመመዝገብ ብቻ ድምፅ መስጠትም ቀረ። የትምህርት ክፍያን የማስቀረቱ ቃል በ2023 ተተወ። ኮርቢንም በ2024 ከፓርቲው ውጭ በግል ተወዳድረው በቀድሞው የምርጫ ክልላቸው አሸነፉ።

በአሜሪካ በሩ የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። በዚያ አገር የፓርቲ ዕጩ የሚመረጠው የክፍላተ ሀገሩ ሕግ በሚያዘው የቅድሚያ ምርጫ ስለሆነ ባለሥልጣኖቹ በቀላሉ ሊዘጉት አይችሉም። በሰኔ 2025 የኪራይ ጭማሪ እንዲቆምና አውቶቡስ በነፃ እንዲሆን የጠየቁት የ33 ዓመቱ ዞህራን ማምዳኒ፣ በር ለበር የሚዞሩ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞችን አሰልፈው የቀድሞውን አገረ ገዥ አንድሩ ኩሞን አሸነፉ፤ በኅዳርም የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። የፓርቲያቸው የሴኔት መሪና የኒው ዮርክ ሴናተር ቸክ ሹመር ግን እስከ መጨረሻው ድጋፋቸውን አልሰጧቸውም። ከዚህ እንደምንረዳው እዚያም ቢሆን ዕጩው ተለወጠ እንጂ ፓርቲው ገና ነው።

በብሪታንያ ከማዕበሉ የቀረ ነገር የለም ማለት ግን አይቻልም። የሠራተኛው ፓርቲ በ2024 ከመቶ 33.7 ድምፅ፣ ማለትም ከ2017ቱ ባነሰ ድርሻ፣ 411 መቀመጫ አግኝቶ መንግሥት ካቋቋመ በኋላ የመንገደኛ ባቡሮችን ወደ ሕዝብ ንብረትነት የሚመልስ ሕግ አወጣ፤ በግንቦት 2025 የመጀመሪያው ኩባንያ ተመለሰ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ወደ 9,535 ፓውንድ ጨመረ። የአባላቱ ቁጥር በ2024 መጨረሻ ወደ 333 ሺህ ወርዷል። ከወጡት አንዳንዶቹ ኮርቢንና ዛራ ሱልጣና በ2025 ባሳወቁት አዲስ ፓርቲ፣ ሌሎቹም በአረንጓዴው ፓርቲ ዙሪያ ይገኛሉ። መንግሥቱ በሐምሌ 2025 የመምረጫ ዕድሜን ወደ 16 ዓመት ዝቅ ለማድረግ ማቀዱን አስታውቋል። የሚቀጥለው ጠቅላላ ምርጫ ከ2029 አያልፍም። በዚያ ዓመት 16 የሚሞላው መራጭ የ3 ፓውንዱ መዝገብ ሲከፈት ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር።