ቅጠል በጣሽና ሐኪም ሲገናኙ

አንባቢ ሆይ፤ ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ በየቤቱ ብትገባ ከደጃፉ ጤና አዳም፣ ከጓዳው ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አታጣም። ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ታሽቶ ይሰጠዋል፤ ሆዱን የቆረጠው ድንገተኛ ያኝካል። ሕመሙ ሲጸና ደግሞ በዚያው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይኬዳል። በሽተኛው አንድ ሲሆን ሐኪሞቹ ሁለት ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይተዋወቁም።

ይህ አለመተዋወቅ ጉዳት አለው። የኮሶ አበባ ትልን በማስወጣት ስሙ ገኖ በ19ኛው መቶ ዓመት እስከ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ደርሶ ነበር። ነገር ግን መጠኑ ያለፈ እንደ ሆነ ይመርዛል። ክኒን የታዘዘለት ሰው በላዩ ምን ሥር እንደ ጠጣ፣ ተግሣጽ ፈርቶ የደበቀ እንደ ሆነ፣ ሐኪሙ የሚያክመው ሳያውቅ ነው።

ሁለቱን ዕውቀት ያገናኘ ሰው ግን አገራችን አፍርታለች። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ይኸው ቀንድ አውጣ ነውና ፍሬውን በቤተ ሙከራ መረመሩት፤ ገዳይነቱም ተረጋገጠ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

የቻይናዋ ሊቅ ቱ ዩዩም በጥንት መጽሐፍ የተጻፈውን ቅጠል መርምረው የወባ መድኃኒት ስላገኙ በ2015 ለኖቤል ሽልማት በቁ። ቅጠሉ የአሪቲያችን ዘመድ ነው። ኢትዮጵያም ከዚሁ የተገኘውን መድኃኒት በ2004 ለወባ ሕክምና ተቀብላለች። እንግዲህ ቅጠል ወደ ጤና ጣቢያ ከገባ ቆይቷል፤ የገባው ግን ተመርምሮ፣ ተመዝኖና መጠኑ በካርቶኑ ላይ ተጽፎ ነው።

በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡት መንግሥታት፣ የባህል ሐኪሞች እንዳስፈላጊነቱ ሠልጥነው ከጤና ሠራተኞች ጋር እንዲሠሩ ተስማምተዋል። ሆኖም ባለመድኃኒቱ ምሥጢሬን እነጠቃለሁ ብሎ ይሠጋል። ሥጋቱም ከንቱ አይደለም፤ በ1990ዎቹ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በእንዶድ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። በእኛም አገር በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን ዕውቀትና መብት ለመጠበቅ የታሰበ ነው። መብቱ በሥራ ካልታየ፣ ምሥጢሩ ከአዋቂው ጋር መቃብር ይወርዳል።

አንተስ ምን ታደርጋለህ? ተማሪ ከሆንህ፣ አያትህ የሚያውቁትን ቅጠል ስሙን፣ መጠኑንና ለምን እንደሚሰጥ አስፈቅደህ ጻፍ። በቢሮ የተቀመጥህ እንደ ሆነ፣ ባለመድኃኒት ሊመዘገብ ሲመጣ ቅጠል በጣሽ ብለህ አትናቀው። በታመምህም ጊዜ የጠጣኸውን ሁሉ፣ ሥሩንም ቅጠሉንም፣ ለሐኪምህ ሳታፍር ንገረው።