ከቅርጫ የተረፈ ሥጋና የቡርጎኝ ወጥ

የቅርጫ ወግ የመጀመሪያው ቀን ነው። በሬው ይታረዳል፣ ቆዳው ይገፈፋል፣ ሥጋው በቅጠል ላይ መደብ መደብ ይደረጋል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ጭቅናውና ሽንጡ በዚያው ቀን በጥሬውም በጥብሱም ያልቃል። በሦስተኛው ቀን ግን በአዊ ዞን ግምጃ ቤት ከተማ ውስጥ የየቤቱን ጓዳ ብትፈትሹ የምታገኙት ሌላ ሥጋ ነው፤ ወርች፣ ፍሪምባ፣ የአንገት ሥጋ። ጅማት የበዛበት፣ ጥርስ የሚፈትን። ገሚሱ ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሆናል፤ ገሚሱ ወጥ ውስጥ ይገባና በችኮላ ከተሠራ ቤተሰቡ መረቁን አጥቅሶ ሥጋውን ከትሪው ዳር ይተወዋል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሥጋ ነው። ማስተዋወቅ የምፈልገው ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሥጋ ተብሎ የተፈጠረ የሚመስለኝን የፈረንሳዮች ወጥ ነው። በአገሩ በፍ ቡርጊኞን ይባላል፤ የቡርጎኝ የበሬ ሥጋ ማለት ነው። ቡርጎኝ በምሥራቅ ፈረንሳይ የሚገኝ በሁለት ነገር የታወቀ አገር ነው፤ ፒኖ ኗር ከሚባለው ወይን በሚጠመቀው ቀይ ወይን ጠጁና ሻሮሌ በሚባለው ነጭ የቀንድ ከብቱ። ሻሮሌ ዛሬ ለሥጋ የሚረባ ቢሆንም ድሮ እንደኛ በሬ ይጎትት ነበር። ብዙ የሠራ በሬ ሥጋው ይጠነክራል፤ የጠነከረ ሥጋ ደግሞ የሚገራው በረጋ እሳትና በትዕግሥት ነው። ወጡ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው ይባላል። በእርሻ የኖረ የአዊ ገበሬ ሊረዳው የማይችለው አንዳች ነገር የለበትም።

መጀመሪያ ጊዜ ስሠራው ጎረቤታችን እትየ ቡና ሊጠጡ ገብተው ማንደጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። ሥጋውን ባዶ ድስት ላይ ስጥለው ደነገጡ።

«ልጄ፣ ሽንኩርቱ ሳይቁላላ ሥጋው ገባ?»

የሁለቱን ወጦች ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገሩት እሳቸው ናቸው። እኛ ከሽንኩርት እንጀምራለን፤ እነሱ ከሥጋው ይጀምራሉ። የኛ ቀይ ወጥ ጣዕሙም ውፍረቱም ከቁሌቱ ነው የሚመጣው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይቁላላል፣ ውኃውን ይጨርሳል፣ በርበሬው ይገባል፣ ቅቤው ይከተላል፣ ሥጋው የሚደርሰው መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ነው። የቡርጎኙ ወጥ ግን በርበሬ የለውም። ቀለሙንም ሽታውንም ከሥጋው ገጽ ላይ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ሥጋው በእሳት መጠበስ ብቻ ሳይሆን እንደ ቡና መቆላት አለበት።

ቡናን ምሳሌ ያደረግሁት ለማሳመር ብዬ አይደለም። ጥሬ ቡና ምን እንደሚሸት፣ ምጣድ ላይ ከጠቆረ በኋላ ምን እንደሚሸት ሁላችንም እናውቃለን። ያንን ለውጥ ከሚያመጡት ነገሮች ዋነኛው ፕሮቲንና ስኳር ሙቀት ሲያገኛቸው እርስ በርስ የሚያደርጉት ውህደት ነው። ይህንን በ1912 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ልዊ ካሚይ ማያር የሚባል ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሰው ስለሆነ በስሙ ይጠራል። የድፎ ዳቦ ጀርባ የሚጠይመውም በዚሁ ነው። ነገሩ በደንብ የሚሠራው ከውኃ መፍያ በላይ ባለ ሙቀት ላይ ነው፤ እርጥብ ሥጋ ደግሞ ውኃው እስኪተን ድረስ ከዚያ በላይ ሊግል አይችልም። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሥጋ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር በሚሆን ጉርድ ከተቆረጠ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ አንድ በአንድ ይደረቃል። ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የዘለለው ሰው ሥጋ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፣ ውኃ ያፈልቃል፣ ወጡም እስከ መጨረሻው የተቀቀለ ሥጋ ይሸታል።

ድስቱ ወፍራም ይሁን፤ ብረት ድስት ካለ እሰየው። ስስ አልሙኒየም ያቃጥላል። ቅባቱ ቅመም ሳይገባበት የተነጠረ ቅቤ ቢሆን ከሁሉ ይሻላል፤ ስንነጥረው በቶሎ የሚያርረውን አተላ ስላወጣንለት ብርቱ እሳት ይችላል። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ግን ለዚህ ወጥ አይሆንም፤ ሽታው ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ሥጋው አምስት ስድስት ጉርድ ብቻ እየሆነ በተራ ይገባል። ከዚያ አትንኩት። ሲነካ ድስቱ ላይ የተጣበቀ ሥጋ ገና ነው፤ ሲደርስ በራሱ ይለቃል። በየጎኑ ጠይም ሲሆን ይወጣና ሌላው ይገባል። ሁሉም አልቆ ድስቱን ስትመለከቱ ታቹ ላይ ቡናማ ቅርፊት ተጋግሮ ታያላችሁ። እትየ ያንን አይተው ድስቱ አረረ ብለው ውኃ ሊያቀብሉኝ ተነሥተው ነበር። ቅርፊቱ ግን የወጡ ነፍስ ነው። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርትና ሁለት ካሮት ተከትፈው እዚያው ላይ ይገባሉ፤ ከነሱ የሚወጣው ውኃ ቅርፊቱን ማላቀቅ ይጀምራል። አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሁለት ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ይከተላሉ። ዱቄቱ ጥሬነቱ እስኪለቀው አንድ ሁለት ደቂቃ ይታሻል። ያኔ ቀይ ወይን ጠጅ ይፈስሳል፣ ድስቱ ይንጫጫል፣ በእንጨት ማማሰያ ታቹን አጥብቆ መፋቅ ነው። ያ ቅርፊት ወይኑ ውስጥ ሟሙቶ ሲጠፋ ወጡ ያን ጊዜ ቀለሙን ያገኛል።

ፈረንሳዮች ከሁሉ በፊት የአሳማ ጮማ ጠብሰው በስቡ ነው ሥጋውን የሚቆሉት። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ ስለማይበላ ይህ ይቀራል። በምትኩ ከፍሪምባው ላይ የተገፈፈ ጮማ ተከትፎ ቢቀልጥ ቦታውን ይሞላል። በፍሪምባ የሠራ ሰው ይህም ላያስፈልገው ይችላል፤ ስቡ ከራሱ ይወጣል።

ስለ ወይኑ ትንሽ ልቆይ። አንድ ኪሎ ሥጋ ግማሽ ሊትር ያህል ቀይ ወይን ጠጅ ይፈልጋል፤ ጣፋጭ ያልሆነውን። አንድ ጊዜ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ቀይ መሆኑን እንጂ ጣዕሙን ሳልጠይቅ ገዝቼ፣ ሦስት ሰዓት ከተንተከተከ በኋላ ስኳሩ ወደ ራሱ ተሰብስቦ ወጡ ማርማላታ ማርማላታ አለ። ከአገር ውስጥ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካው ጉደር ይሆናል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ ካቀረባቸው መካከልም ሜርሎውና ሲራው ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። ፈረንሳዊ የተከለው፣ በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ የበሰለ ወይን በአገው ምድር ድስት ውስጥ ሲገባ ደስ ይለኛል።

ጠጅ ይሆናል ወይ ብለው የጠየቁኝ አሉ። አይሆንም፤ ማሩ እንደዚያ ጣፋጭ ወይን ያደርገዋል። ጠላ ግን ሞክሬ አላፈርኩም። ቤልጂጎችም የበሬ ሥጋቸውን በቢራ ያበስላሉ። የጌሾው ምሬት እንዳይበረታ ቀጠን ያለውን፣ ካሮቱን ጨመር አድርጎ ነው። አልኮል ጨርሶ ለማይቀርብበት ቤት ደግሞ ከአጥንት የተቀቀለ መረቅና አንድ ማንኪያ አቼቶ ይበቃል። ወይኑ ለወጡ የሚሰጠው አንዱ ነገር ኮምጣጣነት ስለሆነ አቼቶው ያንን ይተካል። አልኮሉ ሲፈላ አብዛኛው ይተናል እንጂ ጨርሶ እንደማይጠፋ ለእንግዳ መንገር ተገቢ ነው።

ከወይኑ በኋላ ግማሽ ሊትር መረቅ ይጨመራል፣ ሥጋው ይመለሳል፣ ጨው ይገባል። ፈረንሳዮች ቲም የሚሉትን ቅጠል አስረው ይጨምራሉ። ፍለጋ አትውጡ፤ ዘመዱ ጦስኝ ነው፣ በደጋችን ላይ የሚበቅለው፣ ሻይ ውስጥ የምናውቀው። ሁለት ሦስት ዘንግ በቂ ነው፤ የኛው ጠንከር ያለ ሽታ ስላለው ከበዛ መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

አሁን ሥራው የእሳቱ ነው። ጅማትና ሽፋኑ የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ኮላጅን ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ በእርጥበት ውስጥ ቀስ እያለ ይፈታና ጄላቲን ይሆናል። ከንፈር ላይ የሚጣበቀው፣ ወጡን የሚያወፍረው፣ ሲቀዘቅዝ እንደ እርጎ የሚረጋው እሱ ነው። ግለት ሲጨምር ይፈጥናል፤ ነገር ግን እሳቱ ከበረታ ኮላጅኑ ተፈትቶ ሳያልቅ የሥጋው ክር ይጨማደድና ውኃውን ይተፋል። የፈረንሳይ ወጥ ቤት ሙያ ዋናው ጭንቀት ድስቱ እንዳይገነፍል፣ አልፎ አልፎ ብቻ ጥፍ ጥፍ እንዲል መጠበቅ ነው።

የአዊ ደጋ እዚህ ላይ ውለታ ይውልልናል። ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ የሚቀቅል ሰው በዚህ ይማረራል፤ እውነት አለው፣ ጊዜ ይፈጃል። ይህን ወጥ ለሚሠራ ግን ፈረንሳዩ ላቡን አንጠፍጥፎ ከሚጠብቀው ሙቀት ብዙም ሳንርቅ ተራራው ራሱ እሳቱን ያዘልን ማለት ነው። መክፈያችን ሰዓት ነው። መጽሐፎቻቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይላሉ፤ እኔ ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት ከፍቼ አልቀመስኩም፤ ያረጀ በሬ ከሆነ አራትም አልፏል።

ምድጃቸው መጋገሪያ ነው፤ የኛ ከሰል ነው። በዚህም አናንስም። ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው እንደ ሰብል ተክሎ ያሳደገው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ የአዊ መታወቂያ ሆኗል፤ ከሰሉ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ሄዷል። ከሰሉ ነበልባሉን ጨርሶ አመድ ከለበሰ በኋላ ገሚሱን ወደ ዳር ገፍቶ ድስቱን መጣድ፣ ክዳኑን መግጠም፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ፍሬ ከሰል መጨመር ነው። በር ይከፈት፤ የከሰል ጢስ በማይታይበትም ጊዜ ሰው ይገድላል።

እንጉዳይ ካለ ለብቻው በቅቤ ተጠብሶ ወጡ ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይገባል። ከሱቅ የተገዛውን ወይም ቤተሰብ በዘር የሚያውቀውን ብቻ፤ በክረምት ከሜዳ የሚለቀም ማንኛውም እንጉዳይ ይሆናል ማለት አይደለም። ካልተገኘ ይቅር፤ ወጡ ያለ እሱም ይቆማል።

ይህ ምግብ የዓለም ስም ያገኘው በመጽሐፍና በቴሌቪዥን ነው። ታላቁ ወጥ ሠሪ ኦጉስት ኤስኮፊዬ በ1903 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሙያ መጽሐፍ የአገሩን አበሳሰል ሥርዓት አስያዘ። አሜሪካዊቷ ጁሊያ ቻይልድ በ1961 እ.ኤ.አ. ከሁለት ፈረንሳውያን ሴቶች ጋር ሆና ባወጣችው መጽሐፍ ይህንን ወጥ ለተራ የቤት እመቤት ደረጃ በደረጃ አስረዳች፤ በ1963 የቴሌቪዥን ዝግጅቷን ስትጀምርም መጀመሪያ ያሳየችው እሱኑ ነበር። እኛ ከፈረንሳይ ጋር በባቡሩ ዘመን ተቀራርበን ለገሃርንና ቡፌን ከቋንቋቸው ወስደናል፤ ወጣቸውን ግን ከከተማ ሆቴል አልፎ ወደ ቤታችን ያወረደልን አልነበረም። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከነሱ ምግብ ሁሉ ለኛ ጓዳ የሚቀርበው ይህ ነው።

እንጀራ ላይ አውጥቼው አይቻለሁ። የእንጀራው ኮምጣጣነትና የወይኑ ይጣላሉ። የሚስማማው በአዊ መሬት የሚበቅለው ድንች ተቀቅሎ፣ ወይም የድፎ ዳቦ ቁራሽ ነው፤ ዳቦው መረቁን ሲጠጣ ከሥጋው ይልቅ እሱን ነው ሰው የሚሻማው። ከድስቱ በወጣበት ሰዓት ከምትበሉት ይልቅ ደግሞ አድሮ በማግስቱ ሲሞቅ ይበልጣል። እትየም የቀመሱት በማግስቱ ነው። ሥጋውን በጣታቸው ጫን አደረጉት፣ ለሁለት ተከፈለ። «ወርች ነው ያልከኝ?» አሉ። «በርበሬ ይጎድለዋል» ብለው አከሉና ሁለተኛ ቁራሽ ዳቦ ጠየቁ።

ቀኑን አስቡበት። ረቡዕና ዓርብ፣ የዓቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ የለም፤ ስለዚህ ወጡ የሚስማማው ከፋሲካ በኋላ ባሉት ፍስክ ሳምንታት፣ ወይም ከጥምቀት በኋላ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንግዳ በሚያመጣበት ሰሞን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከአንድ ኪሎ በላይ አትጀምሩ። ሥጋውን አድርቁ፣ ጣፋጭ ወይን አትግዙ፣ ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አትክፈቱ። ቅርጫው ሲከፈልም ወርቹን ለቋንጣ ብቻ አትተዉት።