ከሰዓቱ ጀርባ የተቀረጸው ስንት ያወጣል?

ያገለገለ የጃፓን የእጅ ሰዓት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ፊቱን ነው። ዋናው ማስረጃ ግን ያለው ከጀርባው ነው። በጃፓን ለረጅም አገልግሎት ወይም ለጡረታ ሠራተኛን ሰዓት መሸለም የተለመደ ስለነበር፣ በብዙ አሮጌ ሰዓቶች የጀርባ ክዳን ላይ ስምና ቀን ተቀርጾ ይገኛል። የሌላ ሰው ስም በመሆኑ ብዙ ገዢ ዋጋ ይቀንስበታል፤ አንዳንዱ ሻጭም አስፍቆ ያጠፋዋል። ይህ ግን በገዛ እጅ ማስረጃን ማጥፋት ነው። ለምን?

ኪንታሮ ሃቶሪ እ.ኤ.አ. በ1881 ቶኪዮ ላይ በከፈተው ሱቅ የተጀመረውን የሴኮን ኩባንያ እንውሰድ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በተሠሩት ሰዓቶቹ ክዳን ላይ ተከታታይ ቁጥር አለ። የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ፣ ሁለተኛው ወሩን ያመለክታል። ኦክቶበር በ0፣ ኖቬምበር በ«ኤን»፣ ዲሴምበር በ«ዲ» ይጻፋል። ችግሩ በ9 የሚጀምር ቁጥር 1969ም 1979ም ሊሆን መቻሉ ነው። ሞዴሉ ለረጅም ጊዜ የተመረተ ከሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም።

እዚህ ላይ ነው ቅርጹ የሚያስፈልገው። ጃፓኖች ዓመትን በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመንም ይቆጥራሉ። በሾዋ ዘመን ቁጥር ላይ 1925 ሲደመር የፈረንጁ ዓመት ይገኛል። ለምሳሌ «ሾዋ 45፣ 3ኛ ወር፣ የጡረታ መታሰቢያ» የሚል ቢቀረጽ ማርች 1970 ማለት ነው። የጃፓን የበጀት ዓመት ማርች 31 ስለሚዘጋ ወሩም ሠራተኛ የሚሸኝበት ነው። ተከታታይ ቁጥሩ በ«9ኤን» ከጀመረ፣ ሰዓቱ በኖቬምበር 1969 ተሠርቶ ከአራት ወር በኋላ ተሸልሟል። ሁለቱ ምስክሮች ተስማሙ።

አንድ ፈተና ይቀራል። በክዳኑ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር የመጀመሪያ አራት አኃዞች የማሽኑ ቁጥር ናቸው። ሰዓት ሠሪ ከፍቶ ሲያየው ማሽኑ ሌላ ቁጥር ከያዘ፣ ወይ ክዳኑ ወይ ማሽኑ ከሌላ ሰዓት የመጣ ነው። የተቀረጸው ታሪክ እውነት ቢሆን እንኳ የዚያ ሰዓት ታሪክ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ገዢም ሻጭም ከማስፈቃቸው በፊት ጃፓንኛ ለሚያውቅ ሰው ያስነብቡ። ዋጋ መደራደር ሁልጊዜ ይቻላል፤ የተፋቀ ክዳን ግን ዳግመኛ አይመሰክርም።