የኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል እና ምስክሮቹ

የኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል በአሜሪካ በቆዳ ስፋት ትንሿ በሆነችው የሮድ አይላንድ ግዛት፣ ኒውፖርት በምትባል የወደብ ከተማ፣ በየዓመቱ በጁላይ ወር መጨረሻ የሚካሄድ የሦስት ቀን የሙዚቃ ድግስ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፎክ የሚባለው ሙዚቃ መነሻው ገበሬው፣ ማዕድን ቆፋሪውና ጥጥ ለቃሚው በቃል ሲቀባበሉት የኖሩት ዘፈን ነው። ከበሮና ነሐስ አይበዛበትም። ብዙ ጊዜ አንድ ቦክስ ጊታር፣ አንድ ባንጆ ወይም አንድ ቫዮሊን ይበቃዋል፤ ክብደቱ ያለው ግጥሙ ላይ ነው። በአዝማሪ ቤት አድማጩ «ተቀበል» እያለ ግጥም እንደሚያቀብል፣ የፎክ ዘፋኝም አዝማቹን ለሕዝቡ ይለቅቃል፤ አድማጩ ካልዘፈነ ዝግጅቱ ጎደሎ ነው። የኒውፖርት ታሪክ የዘፋኞቹን ያህል የአድማጮቹም የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው።

ፌስቲቫሉን የመሠረተው የቦስተን ፒያኖ ተጫዋችና የክለብ ባለቤት ጆርጅ ዊን ነው። ዊን በ1954 እዚያው ኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ጀምሮ ስለተሳካለት፣ በ1959 ከሙዚቃ ሥራ አስኪያጁ አልበርት ግሮስማን ጋር ሆኖ ለፎክ የራሱን መድረክ ሰጠው። በመጀመሪያው ዓመት ጆን ባዬዝ የምትባል ስሟ ያልተሰማ የ18 ዓመት ወጣት ሌላ ዘፋኝ ጋብዟት ወጣች፤ ከመድረክ ስትወርድ ታዋቂ ነበረች። በ1960 በጃዙ ፌስቲቫል ላይ ረብሻ ከተነሳ በኋላ ፎኩም ለሁለት ዓመት ተቋረጠ።

በ1963 ሲመለስ መልኩ ተለውጦ ነበር። ባንጆ ተጫዋቹ ፒት ሲገርና ባለቤቱ ቶሺ ባመጡት ሐሳብ፣ ፌስቲቫሉ ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ሆነ፤ ክፍያውም ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ 50 ዶላር ከመጓጓዣና ከማደሪያ ጋር፣ እንዲሆን ተወሰነ። ሥሙ አገር ያዳረሰውም፣ ከገጠር ቀበሌው ወጥቶ የማያውቀውም እኩል ተከፈላቸው። የተረፈው ገንዘብ የገጠር ሙዚቃን ለማሰባሰብና ለመደገፍ ዋለ። ይህ ውሳኔ ከፌስቲቫሉ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ በ1964 ከሉዊዚያና የመጣው ዱዊ ባልፋ ነው። እሱና ጓደኞቹ የሚጫወቱትን የኬጁን ሙዚቃ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆኑት የገዛ አገራቸው ሰዎች ሳይቀሩ እንደ ኋላቀር ይቆጥሩት ነበር። ኒውፖርት ላይ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበላቸው። ባልፋ ያን ጭብጨባ ተሸክሞ አገሩ ገባና ቀሪ ዕድሜውን ለቋንቋውና ለሙዚቃው ጥብቅና ሰጠ።

በ1963 መድረክ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት ነበር። በ1928 ጥቂት ሸክላዎች አስቀርጾ ወደ እርሻው ተመለሰና ለ35 ዓመታት ያስታወሰው አልነበረም። የሙዚቃው ወዳጆች ያገኙት በዘፈኑ ውስጥ የሚኖርበትን መንደር ስም ጠርቶ ስለነበረ ነው። ሰባ ዓመት የሞላው ሽማግሌ ባርኔጣውን እንዳደረገ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በአውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር ሳያቋርጥ እየመታ በሌሎቹ ጣቶቹ ዜማውን እያወጣ፣ ጎረቤት እንደሚያጫውት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘፈነ። የዚያ ዓመት መዝጊያ ላይ ባዬዝ፣ ሲገር፣ ቦብ ዲለን እና የጥቁሮች የመብት ትግል ዘፋኞች የነበሩት ፍሪደም ሲንገርስ እጅ ለእጅ ተያይዘው የትግሉን መዝሙር ዘመሩ።

የፌስቲቫሉ ስም ግን ከሁሉም በላይ የሚነሳው በጁላይ 25 ቀን 1965 እሑድ ምሽት ነው። ያን ጊዜ 24 ዓመቱ የነበረውና በቦክስ ጊታር የታወቀው የፎክ ዘፋኝ ቦብ ዲለን በዋዜማው ሌሊት ከጥቂት ተጫዋቾች ጋር ሦስት ዘፈን ብቻ ተለማመደ፤ በማግስቱ በቦክስ ጊታር ፋንታ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ፣ ማይክ ብሉምፊልድን በሊድ ጊታር፣ ሌሎችን በድራም፣ በቤዝና በኦርጋን አስከትሎ ወጣ። ሦስቱ ዘፈኖች ሲያልቁ ወረደ። ሜዳው ላይ የተነሳው ጩኸት ምን እንደነበረ እስካሁን አላስማማም።

አንዱ ወገን ሕዝቡ ኤሌክትሪክ ጊታሩን እንደ ክህደት ቆጥሮ በተቃውሞ ጮኸ ይላል። ሌላው የተቃውሞው ምክንያት የድምፁ መበላሸት ነበር ይላል። ይህ ሁለተኛው ምስክርነት ክብደት የሚሰጠው ነገር አለው። ጊታሮቹ የሚሰሙት መድረኩ ላይ ከቆሙት ከራሳቸው አምፕሊፋየሮች ሲሆን፣ የዘፋኙ ድምፅ ግን የሚወጣው ለሕዝቡ ከተተከሉት ድምፅ ማጉያዎች ነው። ስለዚህ ፊት የተቀመጠው ሰው ጊታር እንጂ ቃል ላይሰማ ይችላል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ሚዛን ይደርሰዋል። በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሜዳ፣ ሁለት የተለያዩ ኮንሰርቶች ተሰምተዋል ማለት ነው። ሲገር መጥረቢያ ቢኖረኝ ገመዱን እቆርጠው ነበር ማለቱ ሲወራ ኖሯል፤ እሱ ራሱ በኋለኞቹ ዓመታት የተናደደው በኤሌክትሪኩ ሳይሆን የግጥሙ ቃል ባለመሰማቱ መሆኑን አስረድቷል። ከፌስቲቫሉ ዳይሬክተሮች አንዱ የነበረው ብሩስ ጃክሰን ደግሞ የምሽቱን ቴፕ ደጋግሞ ሰምቶ፣ ጩኸቱ የበረታው ዲለን ቶሎ በመውረዱና መድረክ መሪው ፒተር ያሮ ሰዓቱ ማለቁን በመናገሩ ነው ብሎ ጽፏል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል ግን አልነበረበትም። ዲለን ያሮ ለምኖት በቦክስ ጊታር ብቻ ተመለሰ። ለሚዘፍነው ዘፈን ቅኝት የሚስማማ ሃርሞኒካ አጠገቡ ስላልነበረ፣ ካላችሁ ወርውሩልኝ ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ሃርሞኒካዎች ከጨለማው ውስጥ እየተወረወሩ መድረኩ ላይ ጠብ ጠብ ሲሉ በቀረጻው ላይ ይሰማል። ከደቂቃዎች በፊት አሳደደው የተባለው ሕዝብ ይኸው ነው። በኪሱ ሃርሞኒካ ይዞ ኮንሰርት የሚመጣ አድማጭ ደግሞ ኒውፖርት ምን ዓይነት ሰው ይሰበስብ እንደነበር ከማናቸውም ገለጻ በላይ ያሳያል።

ፌስቲቫሉ ከ1969 በኋላ ተቋርጦ በ1985 ፎርት አዳምስ በሚባለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ምሽግ ውስጥ ተመለሰ። ዛሬም ያለው እዚያው ነው። ምሽጉ በሦስት በኩል ውሃ ስለሚያዋስነው፣ ወደቡ ላይ መልሕቅ የጣሉ ጀልባዎችም ሙዚቃው ይደርሳቸዋል። ከ2009 ወዲህ ጄይ ስዊት የሚባል አዘጋጅ አዲስ ትውልድ አመጣበት። ይህ ትውልድ ኢንዲ ፎክ የሚባለውን ይዞ የመጣ ነው፤ ከትልልቅ አሳታሚዎች ውጭ፣ አንዳንዴም በመኝታ ቤት ወይም በጫካ ጎጆ ውስጥ በትንሽ መሣሪያ የተቀረጸ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገና ድርብርብ ኅብረ ዜማ የሚወድ ሙዚቃ ነው። በ50ኛው ዓመት በዓል፣ በ2009፣ ፍሊት ፎክስስ፣ ዲሴምበሪስትስ እና አይረን ኤንድ ዋይን 90 ዓመት ከሞላው ከፒት ሲገር ጋር በአንድ መርሐ ግብር ቀረቡ። በቀን የሚገባው ሰው ወደ 10,000 የተወሰነ ሲሆን፣ ቲኬቱ የዘፋኞቹ ስም ሳይነገር ተሸጦ ያልቃል። አድማጩ የሚከፍለው ለስም ሳይሆን ለቦታው ባለው እምነት ነው።

ያ እምነት በጁላይ 24 ቀን 2022 ተካሰ። ዘፋኟ ብራንዲ ካርላይል ከጓደኞቿ ጋር ትዘፍናለች ተብሎ በተጠበቀበት ሰዓት፣ ያለማስታወቂያ አንጋፋዋ ዘፋኝ ጆኒ ሚቸል ወጣች። በ1967 እና በ1969 ኒውፖርት ላይ የዘፈነችው ሚቸል፣ በ2015 አንጎሏ ውስጥ የደም ሥር ችግር ገጥሟት መናገርና መራመድ እንደገና መማር ነበረባት፤ ጊታር ላይ ጣቶቿን የት እንደምታሳርፍ የተማረችው የራሷን የድሮ ቪዲዮዎች እያየች ነው። የ78 ዓመቷ ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ዘፈነች፤ በአንዱ ዘፈን ላይ ተነሥታ ያለ ግጥም ጊታሯን ብቻ ተጫወተች። በወጣትነቷ ከፍ ብሎ የሚወጣው ድምፅ አሁን ወፍሮና ጠልቆ ነበር፤ የድሮ ግጥሞቿም በዚህ ድምፅ ዕድሜ ጨመሩ። መድረኩ ላይ ካጀቧት ሙዚቀኞች መካከል ሲያለቅሱ የሚታዩ አሉ። ቀረጻው በ2024 በምርጥ የፎክ አልበም ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አገኘ።

የ1963፣ የ1964 እና የ1965 የዲለን ዝግጅቶች ፊልም ሠሪው ሙሬይ ለርነር በቀረጻቸውና በ2007 በወጣው ፊልም ውስጥ ይገኛሉ፤ የሚቸልም ቀረጻ በአልበም ወጥቷል። ስለ እሑዱ ምሽት የሌላ ሰው ፍርድ ከመቀበል በፊት፣ ጩኸቱን እና የሃርሞኒካዎቹን ድምፅ በገዛ ጆሮ መስማት ይቻላል።