እኩል የሆነው የቱ ነው?

ፍጥነትን፣ ርቀትንና ጊዜን የሚመለከቱ የቃላት ፕሮብሌሞች ተማሪዎችን የሚያሰናክሉት በአልጀብራው ስሌት ሳይሆን፣ ከስሌቱ በፊት በሚመጣው የንባብ ሥራ ነው። ርቀት የፍጥነትና የጊዜ ብዜት መሆኑን አብዛኞቹ በቃላቸው ይዘውታል፤ ሆኖም ቀመሩ የሚያዛምደው የአንድን ተጓዥ ሦስት መጠኖች ብቻ በመሆኑ፣ ሁለት ተጓዦች ባሉበት ጥያቄ እኩልታው፣ ማለትም ሁለት መጠኖች እኩል መሆናቸውን የሚናገረው የሒሳብ ዐረፍተ ነገር፣ የሚገኘው ሁለቱን የሚያስተካክላቸው ነገር ሲለይ ነው።

አንድ አውቶቡስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ወደ ሐዋሳ ሲጓዝ፣ አንድ የቤት መኪና 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከዚያው ቦታ ተነሥቶ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ቢከተለው፣ በስንት ሰዓት ይደርስበታል? በሚገናኙበት ቅጽበት የተጓዙበት ጊዜ ቢለያይም የሸፈኑት ርቀት አንድ ነው። ስለዚህ የአውቶቡሱ የጉዞ ጊዜ በተለዋዋጭ፣ ማለትም ዋጋው ገና ባልታወቀ ምልክት፣ «ጊ» ተብሎ ቢወከል፣ የመኪናው ጊዜ «ጊ − 1.5» ይሆናል፤ እኩልታውም 60ጊ = 90(ጊ − 1.5) ነው። ከዚህም 30ጊ = 135፣ ጊ = 4.5 ይገኛል። አውቶቡሱ በ4 ሰዓት ተኩል፣ መኪናው በ3 ሰዓት ጉዞ እኩል 270 ኪሎ ሜትር መሸፈናቸው መልሱን ያረጋግጣል።

በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃን 1.3 ብሎ መጻፍ ሲሆን፣ ሠላሳ ደቂቃ የሰዓት ግማሽ ስለሆነ ትክክለኛው 1.5 ነው። ሁለተኛው ከአገሩ የሰዓት አቆጣጠር የሚመነጭ ነው፤ ቆጠራው ከ12 በኋላ እንደገና ከ1 ስለሚጀምር፣ ከ12 ላይ 1 ተኩልን የቀነሰ ተማሪ የመነሻውን ልዩነት አሥር ሰዓት ተኩል ያደርገዋል። ንጋት 12 ሰዓት እንደ ዜሮ ሲታይ ግን ልዩነቱም ትክክል ይሆናል፣ መገናኛውም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል መሆኑ ወዲያው ይታያል።

የእኩልነቱ መገኛ እንደ ጥያቄው ይለዋወጣል፤ ከሁለት አቅጣጫ ተነሥተው ለሚገናኙ ተጓዦች የርቀቶቻቸው ድምር ከመንገዱ ርዝመት ጋር፣ በደርሶ መልስ ጉዞ ደግሞ የመሄጃው ርቀት ከመመለሻው ጋር እኩል ነው። በመሆኑም መምህሩ ከምልክቶቹ በፊት «አውቶቡሱ የተጓዘው ርቀት መኪናው ከተጓዘው ርቀት ጋር እኩል ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ማስጻፍ፣ ለዚያም መሥመር ነጥብ መስጠት ይገባዋል፤ የአስተሳሰቡ ሥራ የተፈጸመው እዚያ ላይ ነውና።